ጋሽ ክንፈና ሳይጠይቅ የማይነሳው ኮምፒውተር

የጋሽ ክንፈን ሞት የሰማሁት ከጦር ኃይሎች ወደ ቤቴል በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የሞላ ፌስታል ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነው። ስልኬ ጮኸ። ልጃቸው ምሕረት ናት። «አባቴ ዛሬ ጠዋት ሞተ» አለችኝ። በቃ። «እንዴት ነሽ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ የት ነሽ፣ አጠገብሽ ማን አለ» የሚባል ነገር የለም። እኔ ደግሞ የአገሬ ሰው ነኝና ክው አልኩ፤ እውነቱን ለመናገር ከሞታቸው በፊት ያስደነገጠኝ አነጋገሯ ነው። «ምነው ምሕረት፣ መርዶ እንዲህ ነው እንዴ የሚነገረው?» አልኳት፣ የታክሲው ሰው ሁሉ ዞሮ እያየኝ። «እሱ ነው እንዲህ አድርጊ ያለኝ። ‹ስሞት ማንንም እንዳትሸነግዪ፤ በቀን፣ በስልክ፣ አንዴ ተናግረሽ ጨርሺ› ብሎኛል» አለችና አለቀሰች። እኔም ለቀቅኩት። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ምንም ሳይጠይቁኝ ፌስታሌን ተቀብለው ያዙልኝ።

ጋሽ ክንፈን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ቤቴል ውስጥ አንድ ፎቶ ቤት ነበር፤ ሰርግ ይቀርጻል፣ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ያነሳል፣ የሟች ፎቶ አጉልቶ ፍሬም ውስጥ ያስገባል። እኔ እዚያ ፎቶ አሳምር ነበር። ብጉር አጠፋለሁ፣ ጥርስ አነጣለሁ፣ ሰርግ ላይ ያልተገኘ አጎት ከቤተሰቡ መሀል አስገብቼ አቆማለሁ። ሐያት የምትባል ልጅ ደንበኛ ትቀበላለች፤ ጠዋት ቤቱን ከፍታ ኮምፒውተሮቹን የምታስነሳውም እሷ ናት። የቤቱ ባለቤት እትዬ አስካለ ናቸው። የቀረውን ሥራ በሙሉ የሚሠሩት ጋሽ ክንፈ ነበሩ። ሰርጉን ይቀርጻሉ፣ የቀረጹትን ይቆርጣሉ፣ ኮምፒውተር ሲበላሽ ይጠግናሉ። ረጅም ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ካሜራ ከመሸከም የተነሳ ቀኝ ትከሻቸው ዝቅ ብሏል፤ ከኮታቸው ኪስ ካቻቢቴ አይጠፋም።

እሳቸውን «እንደምን አደሩ?» ብሎ መጠየቅ ጣጣ ነበር። እኛ እንግዲህ ቤታችን እየተቃጠለም «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የምንል ሰዎች ነን። እሳቸው ቆም ይሉና ያስባሉ። «ጉልበቴ ሲጠዘጥዘኝ አደረ። ምሕረት ከደወለች ሰነበተች፣ ተቀይሜያታለሁ። ቁርስ ግን ጥሩ በልቻለሁ። ይመስገን» ይላሉ። የቸኮለ ሰው በሩቁ እጅ ነስቶ ያልፋቸው ነበር። ሐያት ትስቅባቸዋለች። «ጋሽ ክንፈ፣ አልሐምዱሊላህ ብለው አይገላገሉም?» ትላቸዋለች። «እሱንማ እላለሁ። መጀመሪያ ምኑን እንደማመሰግን ልወቅ እንጂ» ይሏታል።

አንድ ቀን የሙሽራ እናት የልጃቸውን ቪዲዮ አይተው እንባቸው ሞልቶ «እንዴት ናት ልጄ?» ብለው ጠየቋቸው። የሚጠበቀው መልስ የታወቀ ነው። ጋሽ ክንፈ ግን «ልጅዎ ቆንጆ ናት። ሜካፑ ቢቀነስላት ደግሞ እርስዎም ይለዩዋት ነበር» ብለው እርፍ። እትዬ አስካለ በጠረጴዛው ስር እግራቸውን ረገጧቸው። እሳቸው ጭራሽ ጮክ ብለው «ለምንድን ነው የምትረግጪኝ?» አይሉም መሰላችሁ! ሴትየዋ መጀመሪያ ኮስተር አሉ፤ ቀጥሎ በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ በኋላ የሁለተኛዋን ልጃቸውን ሰርግ «ያ ዋሾ ያልሆነው ሰውዬ ይቅረጽልኝ» ብለው እኛው ዘንድ አመጡት።

ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ። እውነቱን ወርውሮ የሚሄድ ሰው ሞልቷል፤ ጋሽ ክንፈ ተናግረው አብረው ይቀመጡ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፏ ያለበት ፍላሽ የተበላሸባት አንዲት ተማሪ መጥታ ነበር። አዩላትና «የለም እህቴ፣ ጠፍቷል» አሏት። ልጅቷ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ከዚያ ሻይ አስመጡላት፣ የምታስታውሰውን ያህል ከመጀመሪያው እያስጻፏት ከሰዓቱን ሙሉ አብረዋት ዋሉ። እትዬ አስካለ «ክንፈ፣ እኛ ፎቶ ቤት ነን ወይስ ትምህርት ቤት?» እያሉ ይመላለሱ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የቀረጽናቸው ሰርጎች ሁሉ የሚቀመጡበት አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ነበረን። እትዬ አስካለ በዳንቴል ሊያለብሱት ፈልገው ጋሽ ክንፈ «ማሽን ነው እንጂ ሙሽራ አይደለም፣ ይታፈናል» ብለው አስጣሏቸው። ውስጡ ሁለት ዲስክ አለው። አንዱ ላይ የሚጻፈው ነገር በዚያችው ቅጽበት ሌላኛው ላይም ይጻፋል፤ አንዱ ቢሞት ሁሉም ነገር ሌላኛው ላይ አለ ማለት ነው። ጋሽ ክንፈ «መንትዮቹ» ይሏቸው ነበር። ጭቅጭቁ አንዱ የጎደለ ዕለት ምን ይሁን በሚለው ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አንዱን ዲስክ ካጣው፣ ዝም ብሎ በቀረው መነሳት ይችላል፤ ወይም ቆሞ ሰው ይጠይቃል። ጋሽ ክንፈ እንዲጠይቅ አድርገው ነው የሠሩት። ስክሪኑ ይጠቁርና በነጭ ፊደል አንድ ጥያቄ ይመጣል፤ አንዱ ዲስክ የለም፣ በቀረው ብቻ ልነሳ? ሰው መጥቶ «እሺ» ወይም «አይ» የሚለውን ቁልፍ እስኪጫን ንቅንቅ አይልም።

እትዬ አስካለ ይሄን አልወደዱትም። «ክንፈ፣ አንተ ሰርግ ላይ ሆነህ ይሄ ቢገተርብኝ፣ ደንበኛ ደጄ ቆሞ ምን ልመልስ? ዝም ብሎ ይነሳ እንጂ!»

«ዝም ብሎ ከተነሳማ አንዱ መሞቱን ማን ያውቃል? ሲሠራ ይከርምና ሁለተኛውም ይሞታል። ያኔ ነው እሪ የምንለው።»

«በአንዱስ አይሠራም?»

«ይሠራል። በአንድ እግር ጫማም ቤት ይደረሳል። ጭፈራ ግን አይገባም።»

«አንተና ምሳሌህ!» ብለው ተዉት። የሚያሸንፏቸው ሰው አልነበሩም።

የጋሽ ክንፈ ባለቤት እትዬ የሺ ምሳ በሳህን ቋጥረው አልፎ አልፎ ይመጡ ነበር። አዲስ መብራት ወይም ማይክ ከተገዛ ጋሽ ክንፈ መጀመሪያ የሚሞክሩት እሳቸው ላይ ነው። ወንበር ላይ ያስቀምጧቸውና «ተናገሪ» ይሏቸዋል። «ምን ልበል?» «የፈለግሽውን።» እትዬ የሺ ደግሞ አንዴ ከጀመሩ ማን ያቆማቸዋል! እንዴት እንደተጋቡ፣ ጋሽ ክንፈ ለሽማግሌ እንዴት ጫማ እንደተዋሱ፣ ምሕረት በተወለደችበት ዕለት ክረምቱ እንዴት እንደነበር ይተርካሉ። ያ ሁሉ «ሙከራ» በሚባል ፎልደር ውስጥ ተጠራቅሞ ነበር። ጋሽ ክንፈ ለእኛ «መንታ ማለት ቅጂ አይደለም፤ ቅጂ ሌላ ቦታ ይቀመጥ» እያሉ የሚሰብኩን ሰውዬ፣ ለዚህች ለገዛ ራሳቸው ፎልደር ቅጂ አላወጡላትም። ሥራ ሲበዛ ለነገ ይሏታል፤ ሁላችንም የራሳችንን ለነገ እንላለን።

እትዬ የሺ ኩላሊታቸውን ታመው ሆስፒታል በገቡ በሳምንቱ ነው ያ የሆነው። እኔ አራስ ነበርኩ፤ የነገረችኝ ሐያት ናት። ተሻላቸው ተብሎ ጋሽ ክንፈ አየር ጤና አካባቢ ሰርግ ሊቀርጹ ሄዱ፤ ሐያት መብራት ይዛላቸዋለች። ኬክ ሊቆረስ ሲል እትዬ አስካለ ለሐያት ደወሉ። «የሺ አርፋለች። እሱ እንዳይሰማ። ሥራውን ይጨርስ፣ ዘመድ ይሰብሰብ፣ ነገ ማለዳ በወጉ ይነገረዋል» አሏት። ሌላ ምን ሊሉ ይችሉ ነበር? ሁላችንም ያደግነው በዚህ ነው። ሰው ብቻውን፣ በባዕድ ቤት፣ በባዶ ሆዱ መርዶ አይነገረውም።

ሐያት እንዲህ ብላ ነገረችኝ። «እሳቸው ሙሽሮቹን ‹ሳቁ! ሳቁ እንጂ!› ይላሉ። እኔ መብራቱን ይዤ ፊቴን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዙሬያለሁ። ‹ሐያት፣ ምን ሆነሽ ነው መብራቱ የሚወዛወዘው?› አሉኝ። ‹ደክሞኝ ነው› አልኳቸው።»

በማግስቱ ሽማግሌዎች ገብተው ነገሯቸው። እንደ ሰው ደረታቸውን አልደቁም። «ስንት ሰዓት ላይ?» ብለው ጠየቁ። ሐያት ከኋላ ሆና «ኬክ ሲቆረስ» አለች። ጋሽ ክንፈ አዩዋት። «እኔ ሳቁ ስል እሷ ሞታ ነበር ማለት ነው» አሉ።

ጋሽ ክንፈ ለሐዘን ቤት ተቀምጠው ሳለ፣ አንድ ጠዋት ሐያት ትልቁን ኮምፒውተር ስታስነሳ ስክሪኑ ጠቁሮ ያ ጥያቄ መጣ። አንዱ ዲስክ ሞቷል። ሮጣ ለእትዬ አስካለ ነገረች። «እና አሁን ይሄ ለእሱ ይነገራል?» አሏት። «ድንጋይ ነው እንዴ? ሚስቱን ቀብሮ የተቀመጠ ሰው! በአንዱም ይሠራል ብሎ የለም ራሱ? እሺ በይውና ሥራሽን ሥሪ።» ሐያት እሺ አለችው። ኮምፒውተሩ ተነሳ። በማግስቱም ጠየቀ፣ እሺ አለችው። ውሎ አድሮ ጥያቄውን ማንበብም ተወች፤ በር ከፍታ፣ መብራት አብርታ፣ እሺን ተጭና ወለል መጥረግ ሆነ።

ጋሽ ክንፈ ጥቁር ለብሰው ወደ ሥራ ተመለሱ። አሁንም የሚነገርበት ቀን አልተገኘም። ዛሬ ፊታቸው ጠቁሯል፣ ነገ ይሁን። ነገ አርባው ነው፣ ይለፍ። ዛሬ ደግሞ ትንሽ ፈገግ ብለዋል፣ ምን በወጣን እናበላሽባቸዋለን። አልዋሽም፣ እዚያ ብሆን እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር። ለሚወዱት ሰው ክፉ ወሬ የሚመች ቀን የለውም።

ከወሊድ በተመለስኩበት ሳምንት አንድ ጠዋት መብራት ሄዶ መጣ። ጋሽ ክንፈ ከኮምፒውተሩ አጠገብ ቁጭ ብለው ሌንስ ይወለውላሉ። ሐያት መጥታ ቁልፉን ነካች። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ጥያቄው መጣ፣ ጣቷ ሳታየው ወደ ኪቦርዱ ወረደ። ጋሽ ክንፈ እጇን ያዙት።

«ምን ልትጫኚ ነው?»

«ያው... ሁልጊዜ የምጫነውን።»

«ሁልጊዜ?»

ሐያት ባልተያዘው እጇ አፏን ያዘች። እኔ ነገሩ አልገባኝም። እትዬ አስካለ ከውስጥ ወጡ። ስክሪኑን አዩ፣ እሳቸውን አዩ፣ ተሸነፉ። «ክንፈ፣ ለአንተ ብለን ነው» አሉ። «ሐዘን ላይ ሐዘን እንዳንደርብብህ ብለን።»

«አስካለ፣ አንዴ የሚስቴን ሞት ደበቃችሁኝ። ወግ ነው፣ ይሁን አልኩ። ይሄንንም?» አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለን ነበር። «የዚያን ዕለት ብትነግሩኝ እኮ አንድ አዲስ ዲስክ እከትበታለሁ፣ ከደህናው ላይ ይገለበጣል፣ አለቀ። የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማችሁም?» ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ማሽኑ ላይ ጣል አደረጉ። ቆዩ። «ይሄኛውም ይንኳኳል» አሉ። «አንድ ቀን የተገዙ፣ እኩል የሠሩ ናቸው። አንዱ ከሄደ ሌላው አይርቅም።»

ጥያቄው ስክሪኑ ላይ እንደቆመ ነው። አይ ቢሉት ማሽኑ ይጠፋል፤ ከጠፋና ከቀዘቀዘ በኋላ ያ የታመመ ዲስክ ዳግመኛ ላይነሳ ይችላል። እሺ ቢሉት ይነሳል፤ ግን መሀል መንገድ ላይ ሊሞት ይችላል። እኔ እንኳ የገባኝ ይሄን ያህል ነው። ጋሽ ክንፈ ሐያትን አዲስ ዲስክ እንድትገዛ ወደ ጦር ኃይሎች ላኳትና ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ። «እስክትመጣ ማንም እንዳይነካው። መጠየቅ ይችላል፣ ይጠይቅ» አሉ። እትዬ አስካለ ይሄ የጠሉት ጥያቄ አሁን ሲጠብቃቸው እያዩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

ሐያት እያለከለከች ስትመለስ አዲሱን ዲስክ በውጭ በኩል አገናኙት። «መንታ ላድርገው ብል አሮጌውን ከዳር እስከ ዳር ያነበዋል፤ ይሄ በሽተኛ አይችለውም። ለይተን፣ የሚያስፈልገውን አስቀድመን እናውጣ» አሉን። ከዚያ እሺን ራሳቸው ተጫኑ። ማሽኑ አጓርቶ አጓርቶ ተነሳ። ሁላችንም ተነፈስን።

እኔ ቸኮልኩ። «ጋሽ ክንፈ፣ መጀመሪያ ‹ሙከራ›ን ያውጡ» አልኳቸው።

«ቪዲዮው ያልተሰጠው ሰርግ የማን የማን ነው?» አሏት ሐያትን፣ እኔን እንዳልሰሙ።

«ጋሽ ክንፈ፣ የእትዬ የሺን ያስቀድሙ! በአላህ ይሁንብዎት!»

«ሐያት፣ የጠየቅሁሽን መልሺልኝ። ቪዲዮውን ያልወሰዱ፣ ሌላ ቦታ ምንም የሌላቸው ሰዎች እነማን ናቸው?»

«ብዙ ናቸው... የቀራንዮዎቹ ናቸው፣ የዚያ የወታደሩ ልጅ፣ የእነ ሰሚራ ኒካህ...»

«በቃ፣ ከእነሱ እንጀምራለን። ሰው አምኖ የሰጠን ነው፣ አደራ ነው። የሺ የእኔ ናት።»

እትዬ አስካለ አላስቻላቸውም። ቀርበው ትከሻቸውን ያዟቸው። «ክንፈ፣ ስማኝ። የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ። ከደንበኛ ጋር እኔ እጣላለሁ፣ እኔ እሰደባለሁ። የሺን አስቀድም ብዬሃለሁ!»

«ዛሬ አታዢኝም አስካለ» አሉ፣ ቀስ ብለው። የመጀመሪያው ሰርግ መገልበጥ ጀመረ።

ያን ቀን እንዴት እንደዋልን እኛ ነን የምናውቀው። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴዋ መስመር ትሄዳለች፣ ትቆማለች። ስትቆም ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ እትዬ አስካለ «እመቤቴ! እመቤቴ!» ይላሉ፤ ሐያት በልቧ የምትቀራውን ቁርኣን ከንፈሯ ይናገርባታል። ከዚያ መስመሯ መልሳ ትሄዳለች። ደንበኛ ሲመጣ ጋሽ ክንፈ ራሳቸው ወጥተው «ማሽናችን ሊሞት ነው፣ የእናንተን እያወጣን ነው፣ ነገ ኑ» ይሏቸዋል። እትዬ አስካለ በዚህች አንድ ቀን አልረገጧቸውም። የወታደሩ ልጅ ሰርግ ወጣ። የቀራንዮዎቹ ወጣ። የእነ ሰሚራ ኒካህ መጨረሻው ላይ ሁለቴ ቆሞ በመከራ ወጣ። እኔ ጡቴ ወተት ሞልቶ እየፈሰሰ፣ ልጄ ቤት እየጠበቀችኝ፣ ከዚያ ወንበር መነሳት አልቻልኩም።

ወደ ማምሻው ላይ የሰው አደራ አለቀ። ጋሽ ክንፈ መዳፋቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። «ሙከራ»ን ነኩ፣ ግልበጣውን አስጀመሩ። አረንጓዴዋ መስመር ጥፍር ታህል ሄደችና ቆመች። ቀጭ ቀጭ አለ። ጠበቅን። ቀጭ አለ። ከዚያ ጭራሽ ዝም አለ፤ ስክሪኑም ደረቀ። ጋሽ ክንፈ ብዙ ጠብቀው አጠፉና አስነሱት። ጥቁሩ ስክሪን መጣ። በቀረው ልነሳ ወይ ብሎ አልጠየቀም፤ የምነሳበት ዲስክ የለኝም ብቻ ነው ያለው።

«አለቀ» አሉ።

ሐያት መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ጋሽ ክንፈ ዲስኩን ፈትተው አወጡት፣ በመሀረባቸው ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። በኋላ መርካቶ ይሄን የሚሠሩ ልጆች አሉ ተብለው ወሰዱት፤ ልጆቹ ከፍተው አይተው ውስጡ ተፍቋል፣ አይመለስም አሏቸው። የምሕረትን እናት ድምፅ የያዘ ሌላ ነገር አልነበረም። ፎቶማ ሞልቷል፤ ፎቶ ግን አይናገርም።

አንድ ቀን እንኳ «በእናንተ የተነሳ» አላሉንም። ያስፈራን ሌላ ነገር ነው። በማግስቱ ጠዋት ሐያት «እንደምን አደሩ ጋሽ ክንፈ?» ስትላቸው፣ ኮታቸውን እያወለቁ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። እኔና እሷ ተያየን። በሚቀጥለው ቀንም «ደህና፣ ይመስገን።» እያነከሱ «ደህና።» እንጀራው ሳይነካ እየተመለሰ «ደህና።» እትዬ አስካለ እንኳ ጓዳ ጠርተውኝ «ኧረ ይሄ ሰውዬ ምን ነካው? እንደኛ ሆነብኝ እኮ!» አሉኝ፣ እያለቀሱ።

ሐያት ግን አልተኛችም ነበር። ያዳኗቸው ሰርጎች ተቆርጠው ለባለቤቶቹ መሰጠት አለባቸው፤ ጋሽ ክንፈ ደግሞ ሥራው አልገፋ ስላላቸው ቆረጣውን እሷ እየለመደች ነበር። የሚጣለውንም የሚቀረውንም፣ ሁሉንም ማየት አለባት። እነ ጋሽ ክንፈ የሚኖሩት ቀራንዮ ነው፤ እትዬ የሺ ደግሞ የሰፈር ሰው ሲድር የማይቀሩ፣ ከድንኳኑ ጀርባ ድስት ላይ የሚያዙ ሴት ነበሩ፤ ይህን የቀራንዮ ሰው ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ አንድ ከሰዓት የቀራንዮዎቹን ሰርግ ስታይ ድንገት ወንበሯን ገፍታ ተነሳች። እኔን ጠራችኝና አሳየችኝ። ሁለታችንም ጉንጫችንን ይዘን ቀረን።

«አሁንስ እንዴት ነው የምንነግራቸው?» አልኳት። «ቀስ ብለን፣ ምናልባት ምሕረት በምትመጣበት ቀን...»

«እኔ ሁለተኛ ቀን አልጠብቅም» አለችኝ። ቀጥ ብላ ሄዳ ፊታቸው ቆመች። «ጋሽ ክንፈ፣ የቀራንዮዎቹ ሰርግ ውስጥ እትዬ የሺን አግኝቻቸዋለሁ። ቪዲዮዋ ትንሽ ናት። ይናገራሉ። ሊከብድዎት ይችላል። ላሳይዎት ወይስ ይቆይ?»

ጋሽ ክንፈ የያዙትን ኬብል አስቀመጡ። «አሳዪኝ» አሉ።

እትዬ አስካለም መጡ። ከኋላቸው ቆምን። ሐያት ከፈተችው። የድንኳን ጀርባ ነው፤ ጭስ አለ፣ ድስት ተጥዷል፣ ሴቶች ይንጫጫሉ። እትዬ የሺ ሻሻቸውን አስረው ጭልፋ ይዘው ቆመዋል፣ አንዷን «ኧረ ጨው በዛ፣ እናንተ ልጆች ሰው ልትፈጁ ነው!» ይላሉ። ገና አልታመሙም፤ ጉንጫቸው ሙሉ ነው። ዞር ሲሉ ካሜራውን አዩት። ሳቁ። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈን አድርገው ጭልፋውን ወደ ሌንሱ ቀሰሩ።

«አንተ ሰውዬ! እኔን ምን ታደርገኛለህ? ሂድ ሙሽራዋን ቅረጽ!»

ከካሜራው ኋላ፣ ከማይታየው ወገን፣ የጋሽ ክንፈ የራሳቸው ድምፅ እየሳቀ «እሺ፣ እሺ» ይላል። ካሜራው ዞሮ ወደ ሙሽራዋ ይሄዳል።

ሐያት አቆመችው። የጋሽ ክንፈ ያ ዝቅ ያለ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በቀብሩ ያላለቀሱት፣ በለቅሶው ያላለቀሱት ሰውዬ፣ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። እትዬ አስካለ ወንበር ስበው አጠገባቸው ተቀመጡ፤ «አይዞህ» እንኳ አላሏቸውም።

ከቆየ በኋላ ጋሽ ክንፈ ቀና አሉ። አፍንጫቸውን በመሀረብ ጠረጉ፣ ስክሪኑ ላይ የቆመውን ምስል አዩት፣ እኛን አዩን።

«ሰማችኋት?» አሉ። «ሙሽራዋን ነው ያለችኝ። እሺ ብያታለሁ። ዲስኩ የሞተ ዕለትም ሙሽሮቹን ሳስቀድም እሺ ነው ያልኳት።»